ለሙቀቱ የቀነስነው

አሰብ ውስጥ በሙቀት የማይሳበብ ነገር አልነበረም። ሰው ቢደክመው ሙቀቱ ነው፣ ሽንቱ ቢጠቁር ሙቀቱ ነው፣ ባልና ሚስት ቢኮራረፉም ያው ሙቀቱ ነው። እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ደግሞ ሙቀቱ ላቦራቶሪም ገብቶ ነበር። ደም በቀጭን ቱቦ አቁመን ቀይ ሕዋሳቱ በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚሰምጡ ስንለካ፣ ክፍሉ ከጋለ ቶሎ ይወርዳሉ። ስለዚህ የላቦራቶሪው አለቃዬ ገና በተቀጠርኩ ሰሞን ሲሶውን ለሙቀቱ እንድቀንስ ነገረኝ። ቀነስኩ። ብልሃት መስሎኝ ነበር።

ጎረቤቴ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። የኩላሊት በሽታው በተነሣበት ቁጥር ፊቱና እግሩ ያብጣል። የሚያስታግስለት ኪኒን ደግሞ ጉንጩን እንደ ዳቦ ነፍቶት የሥራ ባልደረቦቹ መቀለጃ አድርጎታል፤ እሱም ኪኒኑን ለመተው ቸኩሎ ነበር። የክሊኒካችን ሐኪም በሽታው መብረዱን የሚያውቀው በደሙ ነው። ነጭ ሕዋሳቱን ኪኒኑ ራሱ ስለሚያበዛቸው አይተማመንባቸውም፤ የሚያየው የቀዮቹን አወራረድ ነው። ቶሎ ከሰመጡ በሽታው አለ፣ ኪኒኑ ይቀጥላል።

በጥር አንድ ጠዋት ደሙን ቀድቼ ቱቦውን አቆምኩ። ቀዮቹ ቶሎ ወረዱ። እንደ ልማዴ ሲሶውን ቀንሼ ጻፍኩ። ሹራብ ለብሼ ነበር፤ የምን ሙቀት ነው የቀነስኩት? እጄ ለምዷል፣ ጭንቅላቴ አልነበረበትም።

ጎረቤቴ ወረቀቱን ይዞ እየሳቀ ወጣ። ሐኪሙ ኪኒኑን ቀስ በቀስ አስተወው። ፋሲካ ሳይደርስ ኩላሊቱ ሥራ አቆመ። በጭነት መኪና ጋቢና አስተኝተው ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ የተመለሰው መርዶው ነው።

በማግስቱ ሐኪሙ የሟቹን ካርድ አገላበጠ።

«ቁጥሩ ያኔም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር» አለኝ። «እኔ ግን ለሙቀቱ ብዬ ቀነስኩለት።»

«እኔም ቀንሼ ነው የጻፍኩት» አልኩት።

ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ አንዳችን ሌላውን ትቀንሳለህ ወይ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ካርዱን አጠፈና ቀጣዩን በሽተኛ አስጠራ። ጠላሁት፤ ራሴን ግን ይበልጥ።

ለቅሶ ስደርስ ሚስቱ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ ያንን ውጤት የሰጠኸው ቀን እንደ ልጅ ነበር የፈነደቀው። ሌላ ደስታ አላየም። እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችኝ።

አሜን አልኳት።