ውሃ ያልጠጣ ፓምፕ

የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አንድ የውሃ ፓምፕ አለ። ጎህ ሲቀድ ጥበቃው ሲያስነሳው መጀመሪያ ያጓራል፣ ቀጥሎ ዱክ ዱክ ማለት ይጀምራል፣ እኔም ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ አሰብ ላይ፣ ከአባቴ የፓምፕ ቤት አጠገብ በነበረችው የቆርቆሮ ቤታችን ውስጥ እነቃለሁ። ጎረቤቶቼ እንቅልፍ ነሳን እያሉ ያማርራሉ። እኔን የነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

አባቴ ሰይድ ከወሎ በጭነት መኪና ወርዶ በዚያው የቀረ የሞተር ሠራተኛ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጉድጓድ ውሃ ስቦ ወደ ታንከሩ የሚገፋው ፓምፕ በእሱ እጅ ስለነበር፣ ወደቡ ላይ መርከብ ከሚያስጠጉት ሰዎች አላንስም ባይ ነበር። የካቻቪቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፓምፑን ያዳምጠው ነበር። ከጉድጓዱ ሥር ያለችው ቫልቭ አርጅታ በደንብ ስለማትገጥም፣ ሌሊት ውሃው ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ፓምፑ ባዶውን ያድራል፤ ስለዚህ ጠዋት ከማስነሳቱ በፊት በላይኛው አፉ በጣሳ ውሃ ይሞላው ነበር። «ውሃ ያልጠጣ ፓምፕ ውሃ አይሰጥም» ይለኝ ነበር፣ ትልቅ ምስጢር እንደሚያካፍለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከኅዳር እስከ የካቲት አሰብ ሰው የሚኖርባት ከተማ ትሆን ነበር። በእነዚያ ወራት እናቴ ዘሃራ እጄን ይዛ፣ ከበይሉል በጀልባ የሚመጣውን ዓሣ ለመግዛት ወደ ባሕሩ ዳር ትወስደኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ እንዲሁ ዓሣ ገዝተን ስንመለስ፣ መንገድ ላይ ቆመች፣ ደረቷን ይዛ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች፣ ከንፈሯም ጠቆረ። በልጅነቷ መገጣጠሚያዋን ክፉኛ ያማት እንደነበር፣ በሽታው ከዚያ ወደ ልቧ እንደዘለቀ የተረዳነው ሐኪም ቤት ከሄድን በኋላ ነው።

ያከማት ድሬሰር ገብሬ የሚባል የደሴ ሰው ነበር፤ የአገር ልጅ ስለሆነ አባቴን እንደ ወንድሙ ነበር የሚያየው። ፊደል ላልቆጠረው አባቴ እንዲገባው ብሎ ነገሩን በሙያው ገለጸለት። «ሰይድ ወንድሜ፣ ልብ ማለት ሌላ ነገር አይደለችም፣ ያንተው ፓምፕ ነች። ቫልቭ አላት። የዘሃራ አንዷ ቫልቭ በደንብ አትገጥምም፣ የገፋችው ደም ተመልሶ ይመጣባታል።» መልካም ሰው ነበር፣ አልፈርድበትም። አባቴም ገባው። ከሚገባው በላይ ገባው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ፓምፑ ከመሄዱ በፊት፣ ፓምፑን በሚሞላባት በዚያችው ጣሳ ሁለት ጊዜ ውሃ ቀድቶ እናቴን አጠጣት። የታዘዘላት ክኒን የሚያሸና ነበር፣ እሱ ግን ውሃው የሚፈስባት ቀዳዳ አድርጎ አየው። ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርዱ ሰዎች ሙቀቱ እንዳይጥላቸው ውሃቸው ላይ ቆንጠር አድርገው ጨው ይጨምሩ ነበር፤ ጨው ውሃ ይይዛል ይባላል። እሱም ጨመረ። የሚስቱን በሽታ በእጁ የጨበጠው መስሎት እያፏጨ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። አባቴ ሲያፏጭ የሰማሁት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

ሚያዝያ ላይ የእናቴ እግር አበጠ። አባቴ ፓምፑን ትቶ መሄድ ስላልቻለ፣ ሐኪም ቤት አብሬያት የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ድሬሰር ገብሬ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቱ ሲጫነው፣ ጣቱን ካነሳም በኋላ ጣቱ የተወው ጉድጓድ አልሞላ አለ። «ዘሃራ፣ ጨው እርም በይ። ውሃም ጉሮሮሽን ለማርጠብ ያህል ብቻ። እዚህ እግርሽ ላይ የተኛው የተረፈሽ ውሃ ነው» አላት።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለችኝ።

«ለምን እማዬ?»

«በገዛ እጁ እንዳሳበጠኝ ቢያውቅ ያብዳል። እኔ በዘዴ እተወዋለሁ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

ዘዴው እኔ ነበርኩ። አባቴ ፊቱን ሲያዞር ጣሳውን ታቀብለኛለች፣ እኔም ከቤቱ ጀርባ አሸዋው ላይ እደፋው ነበር። የእግሯ እብጠት ትንሽ ጎደለ፣ አንድ ቀን እንዲያውም ፀጉሬን ቆማ ጎነጎነችልኝ። ያችን ቀን ዛሬም ባስታወስኳት ቁጥር እናደዳለሁ።

ከዚያ ሰኔ ገባ። ደሴ ክረምት ሲሆን አሰብ እሳት ነው፣ አቧራ የተሸከመው ነፋስ ቆርቆሮውን ሲጠብስ ይውል ነበር። እናቴ በሙቀቱ ስትዝል አባቴ ፈራ፣ ያጠጣት ውሃ ያነሰ መሰለውና፣ «ከዛሬ ጀምሮ እስክትጨርሺ አልሄድም» አለ። ሁለቱን ጣሳ ሦስት አደረገው። እሷም ከፊቱ ቁጭ ብላ ትጠጣ ነበር፣ ዓይኗ ግን ከጣሳው ጠርዝ በላይ እኔ ላይ ነበር። በየቀኑ፣ በየጠዋቱ፣ አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ድሬሰሩ ከልክሏል ማለት ምን ያቅታል? እኔ ግን እናቷ ያዘዘቻትን የምትፈጽም ጨዋ ልጅ ነበርኩ።

ሐምሌ ላይ ጋደም ማለት ተሳናት፣ ትንፋሽ ስለሚያጥራት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታድር ጀመር። ነሐሴ በገባ በአንድ ጠዋት አባቴ አጠጥቷት ወጣ፣ ፓምፑን ሲያስነሳው ሰማሁ፣ ወለሉም እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቴ ዓይኗን ከድና ስጠራት አልመልስ አለችኝ። እንደ አባቴ ልሁን ብዬ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ዱክ ዱክ ይላል፣ በኃይል፣ ሳያቋርጥ። ደስ አለኝ፣ ተሽሏት ተኝታለች ብዬ እዚያው እንደተለጠፍኩ ቆየሁ። ታንከሩ ሲሞላ አባቴ ሞተሩን አጠፋው። ደረቷም አብሮት በአንድ ጊዜ ዝም አለ።

ከቀብር በኋላ አባቴ የፓምፑን ሥራ ለሌላ ሰው ትቶ እኔን ይዞ ወደ ወሎ ተመለሰ። እርጅናው እስኪጥለው ድረስ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ሰው፣ «ዘግይቼ ነው እንጂ፣ ቀድሜ ባጠጣት ኖሮ ትድን ነበር» ይል ነበር። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። እውነቱን ብነግረው ይገድለዋል ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ፣ ግን ሳልነግረውስ እሱ መች ኖረና።

ዘንድሮ የጎረቤቴ ልጅ የልቧ ቫልቭ ተቀየረላት። ልቧን አቁመው፣ ደሟን ለሰዓታት በፓምፕ እያዞሩ ነበር አሉ የሠሩት፤ አሁን ደረጃውን በሩጫ ትወጣዋለች። እናቷ ስትነግረኝ አልሐምዱሊላህ ብያት ወደ ቤቴ ገባሁ። ያኔ ዝም ያልኩት እማዬ አደራ ስላለችኝ ነበር። አሁን ብናገር የሚሰማኝ አባት የለኝም። ጠዋት ፓምፑ ሲነሳ ግን እስኪጠፋ ድረስ ትራሱ ላይ ጆሮዬን እንደለጠፍኩ እጠብቃለሁ።