ኦዲ ሲሉት የማይመልሰው ጎረቤቴ

ወሬ አልወድም ብል እግዜር ይታዘበኛል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ስቀመጥ ፊቴ ከሳይዚ ካምብዊሪ በር ጋር ይገጥማል። ሌላ ወዴት ልይ? እንደሱ ያለ ጎረቤት ተሰጥቶት ዓይኑን ጨርቅ ላይ ብቻ የሚተክል ሰው ካለ፣ ያ ሰው እኛ ከተማ፣ ዴድዛ ውስጥ የለም።

ሳይዚ ስድስት ዓመት ታስሮ ነው የመጣው። የመንግሥት ጥድ ቆርጠሃል ብለው ነው ያሰሩት፤ ቆርጧልም። የግማሾቻችን ጣሪያ የቆመው በዚያው ጥድ ስለሆነ በዚህ ማንም አላማውም። ያስገረመን ከመጣ በኋላ ያለው ነገር ነው። እህቱ ኤሉቤና ልጇ ኤኒፋ ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ ታዲያ የተዘጋ በር አይከፍትም። በሩ መቀርቀሪያ እንኳ ባይኖረው ሰው እስኪከፍትለት ፊት ለፊቱ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቀን የሽንት ቤት በር ላይ፣ እኔ የአንድ ሱሪ ዚፕ ሰፍቼ እስክጨርስ ድረስ ቆሞ አየሁት። ሲያወራ በሹክሹክታ ነው። ተራራውንም ከደመናው መለየት አቅቶታል፤ ዓይኑ ሩቅ ማየት ረስቷል።

ከሁሉም የከፋው ግን የኦዲ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው ቤት የሄደ ሰው ከደጅ ቆሞ «ኦዲ!» ይላል። ባለቤቱ ከውስጥ «ኦዲኒ!» ካላለው እግሩን አያነሳም፤ ሦስት ጊዜ ብሎ መልስ ካጣ ቂሙን ይዞ ይመለሳል። ሳይዚ አይመልስም። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ እያየነው፣ ዝም! ግማሹ ሰፈር «እስር ቤት ትዕቢት ተምሮ መጣ» አለ፤ ግማሹ «ደንቁሯል» አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሐሜቱ እሱ ዘንድ አልደረሰም። እኔ ግን እንዳልደነቆረ አውቃለሁ። መቀስ ከእጄ ሲወድቅ ከማዶ ሆኖ ይደነግጣል።

ዝናቡ እንዳባራ ለኤኒፋ ሽማግሌ መጣ። እኛ ዘንድ ልጅ የሚድረው አባት አይደለም፣ የእናት ወንድም ነው። የወንድ ወገን ደጅ ደርሶ ኦዲ ሲል የሚመልሰው አፍም የአጎት አፍ መሆን አለበት፤ ሴት ከመለሰች ቤቱ ራስ የለውም ማለት ነው። ኤኒፋን የሚያገባት ልጅ አጎት አቶ ቻጉንዳ ሁለት ሰዎች አስከትለው ሦስት ጊዜ ኦዲ አሉ። ሳይዚ ከበሩ ጀርባ ወንበር ላይ ነበር። ሰዎቹ ኮፍያቸውን ደፍተው ተመለሱ።

«ልጄን ቀበራት!» አለች ኤሉቤ፣ ድስቱን ግቢ ውስጥ ወርውራ። «ምነው እዚያው በቀረህ!»

ኤኒፋ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ልጁን ትወደዋለች፤ ይህን ለማወቅ እንደኔ ወሬኛ መሆን አያስፈልግም። በኋላ አቶ ቻጉንዳ አንዲት ቅዳሜ ብቻ ቀጠሮ ጨመሩላቸው። «ከዚህ ወዲያ ሌላ ቤት እናያለን» ብለው ላኩ።

ኮትህን ላጥብብልህ በሚል ሰበብ ሳይዚ ዘንድ ገባሁ። ሜትሬን ትከሻው ላይ ሳሳርፍ እሳት እንደነካው ዘለለ።

«ይቅርታ ፎስቲኖ፣ የሰው እጅ ረስቻለሁ» አለኝ።

«ሳይዚ ወንድሜ፣ እኔ ሳልጠይቅ ካደርኩ ራሴን ያመኛል። ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?»

«አሞኝ ነው ብልህ ትሄዳለህ?»

«አልሄድም።»

«አውቃለሁ» አለና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ነገረኝ። እስር ቤት የክፍሉ አለቃ ነበር። ሦስት እስረኞች አመለጡና ዘበኞቹ ማን እንደረዳቸው ጠየቁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ዝም አለ። ብቻውን ዘጉበት፤ አምስት እርምጃ በሦስት የሆነች ክፍል፣ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር። ምግቡ በበሩ ሥር ይገፋለታል፤ የሚገፋውን ሰው ጣት እንኳ አይቶ አያውቅም።

«በአራተኛው ወር መሰለኝ፣ ከደጅ ኦዲ ተባልኩ።»

«በማን?»

«በእናቴ።»

«እናትህማ…»

«ቀብሬያታለሁ። ግን ኦዲ አለች። ኦዲኒ አልኳት፣ በሩ አልተከፈተም። በነጋታው ኤሉቤ መጣች። ከዚያ አንተ መጣህ።»

«እኔ?» አልኩ ደስ ብሎኝ። ምኑ ደስ እንደሚል አላውቅም።

«አንተማ ቀን በቀን ነበር የምትመጣው! በመለስኩ ቁጥር ተነስቼ ከበሩ ጋር እጋጫለሁ። አንድ ቀን ግንባሬ ተፈነከተ። ደሙን በጣቴ ነክቼ 'ሳይዚ፣ አሁን ደግመህ ከመለስክ አብደሃል' አልኩ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱን በዓይኔ ላላየሁት ድምፅ መልሼ አላውቅም። ሰው ሆኜ የወጣሁት በዚህ ነው።»

ሜትሬ ከእጄ ወደቀ። ያዳነው ነገር አሁን ልጅቷን ሊያጠፋት ነው።

«ውጭ ቁጭ ብለህ ጠብቃቸዋ!» አልኩት።

«አጎቷ በረንዳ ላይ ባል ሲለምንላት ተገኘ እንዲሏት?»

«እሺ፣ እኔ አጠገብህ እሆናለሁ። ሲጠሩ 'እኔም ሰምቻለሁ' እልሃለሁ።»

አዘነልኝ መሰለኝ። «እዚያም 'እኔም ሰምቻለሁ' የሚለኝ ሰው ነበር» አለ።

«ታዲያ እውነተኛውን ከሌላው በምን ትለያለህ?»

«እጅ አልነበራቸውም። ይጠሩኛል፣ ያወሩኛል፣ ይስቁብኛል። አንዳቸውም ነክተውኝ አያውቁም።»

እጄን ዘረጋሁለት። ተነስቶ ግድግዳ ተጠጋ። «አልችልም፣ ፎስቲኖ። ይቅር በለኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ቤተ ዘመድ ተቆጥሬ ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። ኤኒፋ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። የምትታጭ ልጅ ሳትጠራ አትወጣም።

«ኦዲ!» አሉ አቶ ቻጉንዳ ከደጅ።

የሳይዚ ፊት በላብ ተጠመቀ።

«ሰማህ?» አልኩት።

«ሰማሁ። ሁልጊዜም እሰማለሁ።»

«ኦዲ!»

ውጭ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሳይዚ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጦ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። እኔው ራሴ ልጮህላቸው ምንም አልቀረኝም፤ ኤሉቤ በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቃ በዓይኗ ገደለችኝ።

መጋረጃው ተገለጠና ኤኒፋ ወጣች። እናቷ በቀሚሷ ልትይዛት ስትል አመለጠቻት። ሳይዚ እግር ሥር ተንበርክካ ቀኝ እጁን በሁለት እጆቿ ያዘች። ሊነጥቃት ታገለ፤ አልለቀቀችም። ስለ እጅ የነገረኝን ለሷ ያደረስኩት እኔው ወሬኛው ነኝ።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ። መጥተዋል።»

«ኦዲ» አሉ አቶ ቻጉንዳ። ሦስተኛው ነው፤ እንደ ስንብት ነበር የሚመስለው።

«ኦዲኒ» አለ ሳይዚ በሹክሹክታ።

«አልሰሙህም፣ አጎቴ!»

«ኦዲኒ!» ብሎ ጮኸ። የግቢው ዶሮ ሁሉ ተበተነ።

ገቡ። ከተከታዮቻቸው አንዱ ልጅቷን ባዩዋት ጊዜ ግንባራቸውን ቋጠሩ። አቶ ቻጉንዳ ግን አንዴ እሷን፣ አንዴ የተያያዙትን እጆች አዩና፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው በወጉ ልጅቷን በዶሮ መስለው ጀመሩ። «እዚህ ግቢ አንዲት ዶሮ አይተን ነበር የመጣነው። ለካ እሷም አይታናለች!» ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ በሳቅ ፈነዱ።

ነገሩ በሰላም ሄደ። መጨረሻ ላይ አቶ ቻጉንዳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጃችን የሸንኮራ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው፣ ሐይቁ ዳር፣ ሩቅ ነው። በወጋችን ባል ወደ ሚስት አገር ይመጣል፤ ሴቷ የምትወሰደው አጎቷ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ፍቀድልንና እንውሰዳት።»

የሳይዚ እጅ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በእጆቿ ውስጥ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ «እምቢ በል! እምቢ በል!» እያልኩ ነበር። ኤኒፋ አንገቷን ደፋች። ሳይዚ እጆቿን ትክ ብሎ አያቸው፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ራሱ አላቀቀ።

«ትሂድ» አለ። «እኔም ፈቅጃለሁ፣ እሷም ወዳለች።»

እንግዶቹ በልተው ሄዱ። ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ዘፈን ጀመሩ፣ የኤኒፋም ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ፎስቲኖ» አለኝ፤ «አሁን ሰዎች መጥተው ነበር?»

«መጥተው ነበር።»

ዓይኔን አየ፣ አፌን አየ። እንዳላመነኝ ገባኝ። ከዚያ ራሱ እጁን ዘረጋልኝ። ያዝኩት።