ካራቫኑ ውስጥ የገባው ጠበል

ሰገነቱ ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ሳለ ነው ወሬው የደረሰኝ። የግቢው ዘበኛ ከታች አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ መዳፋቸውን አፋቸው ዳር ደግነው፣ «እህቴ፣ ውሃው ገባ» አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ያ ውሃ ከቅዳሜ ጀምሮ አልገባም እያለ ሲያሾፍብን ሰንብቷል። ተመስገን አልኩና የቀረውን አንሶላ ከነቅርጫቱ ትቼ ወረድኩ። ደረጃውን ስወርድ ቀለል ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጅቡቲ ከመጣሁ ወዲህ ደረጃ እየሮጥኩ የወረድኩበት ቀን ብዙ አይደለም።

ነገሩ የካራቫን ነገር ነው። የምሠራላቸው ፈረንሳዮች፣ ማዳምና ሙሴ፣ አገሩን ለቆ ከሚሄድ ወገናቸው አንድ አሮጌ ካራቫን ገዙ። መኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት፣ አልጋም ምድጃም ሽንት ቤትም ያለው ትንሽ ቤት ነው። ሀራሙስ ሰፈር ካለው ቪላቸው ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አቆሙትና ለወራት ረሱት። ከዚያ በአንዱ ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹን ይዘን ከከተማ ወጥተን ባሕሩ ዳርቻ እናድርበታለን አሉ። ማዳም ጠርታኝ ቤቱን እንዳጸዳ፣ የውሃ ታንከሩንም እንድሞላ አዘዘችኝ።

ማጽዳቱ ሥራዬ ነው፤ አላስቸገረኝም። ታንከሩ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከመቀመጫው ሥር የተሸሸገ ነጭ የላስቲክ ሣጥን ነው፤ ውሃ የሚጠጣው በውጭ በኩል፣ ግድግዳው ላይ ባለች አንዲት መሙያ አፍ ነው። የአትክልቱን ጎማ አስገብቼ ቧንቧውን ስከፍት ጥቂት ይጎርስና፣ ትን እንዳለው ሰው መልሶ ፊቴ ላይ ይተፋዋል። ግፊቱን ብቀንሰውም ያው፣ ብጨምረውም ያው። ውስጥ መጠኑን ከሚያሳዩት አራት መብራቶች አንዷ ብቻ ናት የምትበራው። ሙሴ መጥቶ አየና ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ማዳም ደግሞ የጎማ አያያዝ አላወቅሽበትም ብላ ልታሳየኝ ተቀበለችኝ፤ እሷንም ፊቷ ላይ ተፋባት። ያን ጊዜ ባልስቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ የታንከሩ ነገር በእኔ ላይ ብቻ ቀረ።

ጓሮ ስደርስ ዘበኛው ላባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ ቆመዋል። ከእግራቸው ሥር አንድ ቢጫ ጀሪካን በጎኑ ተጋድሟል። አፉ ላይ የተጠመጠመው ፌስታል ተፈትቷል፤ ከሥሩ የታሰረው ክርም በቢላ ተቆርጧል። ጀሪካኑ ባዶ ነው።

የእኔ ጀሪካን ነበር።

ውስጡ የነበረው ጠበል ነው። ወሎ፣ ከመንደራችን በታች፣ ከገደሉ ሥር የሚፈልቀው ጠበል። ወደ ወደብ የሚመላለስ አንድ የአገራችን ልጅ ከከባድ መኪናው ወንበር ኋላ ሸጉጦ አምጥቶልኝ፣ እናትሽ ልካልሻለች፣ በክብር ያዢው ብሎ ሰጠኝ። ለፍልሰታ እከፍተዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት እህቶች ጎህ ሲቀድ መጡ። ሰዎች ጎህ ሲቀድ ተጠራርተው ሲመጡ ምን ይዘው እንደሚመጡ እኛ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሩን ሳልከፍት አወቅሁ። እናቴ አርፋ፣ ተቀብራ፣ ሰልስቷም ወጥቶ ነበር። ፍልሰታ መጣች፣ ሄደች፤ ክሩን መቁረጥ አቃተኝ። እናቴ የቋጠረችውን ከቆረጥኩ በኋላ ከእጇ ሌላ ምን ይቀረኛል እያልኩ አሳደርኩት።

ካራቫኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖርኩትም ራሴ ነኝ። የማድርባት ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ምድጃ ትሆናለች። ወጥ ቤቱን ደግሞ ሰው ሁሉ ይነካካዋል። ጥላ ሥር ያለ፣ ማንም የማያድርበት ንጹሕ ቦታ ብዬ አስቤበት የመረጥኩት ነው። ቅዳሜ ሳጸዳ እንኳ አንስቼው፣ ከሥሩ ወልውዬ፣ መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት። በጥንቃቄ ብዛት እታማለሁ እንጂ በዝርክርክነት ታምቼ አላውቅም፤ የጎዳኝም ያው ጥንቃቄዬ ነው።

ዘበኛው ምን ያድርጉ? ማዳም ስትቆጣኝ ሰምተው አዝነውልኛል። ያን ጠዋት የከተማው ውሃ ጠፍቶ ነበር። ካራቫኑ ውስጥ ሙሉ ጀሪካን ሲያገኙ ለታንከሩ የተዘጋጀ መሰላቸው። በቀጭኑ፣ ቆም እያሉ፣ ትንፋሽ እየሰጡት አንቆረቆሩት። በጎማ ስንልክበት የተፋውን ለእሳቸው ትዕግሥት ዋጠላቸው።

መሙያው ላይ እጄን ጭኜ ቆምኩ። ያን ጊዜ የታሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዚያ ታንከር ውሃ የሚሄደው ወደ ሳህን ማጠቢያውና ወደ ሽንት ቤቱ ነው። ጠበል ሲተርፍ እንኳ እግር የማይረግጠው ቦታ ተፈልጎለት ነው የሚደፋው። ሐሙስ ሊመጣ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ዘበኛው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። የጅቡቲ ሶማሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ተሸክመዋልና አማርኛቸው የድሬ አማርኛ ነው። አባባ ነው የምላቸው። ፊቴን አይተው ምን እንዳጠፉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ጠበል የሚለውን ቃል ግን አልያዙትም። ከተቀደሰ ቦታ የሚቀዳ፣ ለበሽታም ለነፍስም የሚሆን ውሃ ነው አልኳቸው።

«ዘምዘም ማለትሽ ነው?»

«ለእኛ እንደዚያው ነው አባባ። እናቴ የላከችው።»

እናቴ ማረፏን ያውቃሉ፤ ያን ሰሞን ሻይ እያፈሉ ደጃፌ ላይ ያስቀምጡልኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እኔ አንዲት ጠርሙስ ዘምዘም አለችኝ» አሉ። «ለሞቴ ቀን ያስቀመጥኳት። እሷን የደፋብኝን ሰው በዱላ ነበር ከዚህ እስከ ወደቡ የማባርረው። አንቺ አቦ ዱላ እንኳ የለሽ።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ከሳቁ ኋላ ለቅሶው ተከትሎ መጣ። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ እስክጨርስ ድረስ እዚያ አጥር ላይ አንድ የሚያዩት ነገር ያለ አስመሰሉ።

ለማዳም ልንገራት አላልኩም። ስለ ጠበል አንድ ጊዜ አጫውቻት፣ በደግ ልብ፣ ላቦራቶሪ ወስዳ ልታስመረምርልኝ እንደምትችል ነግራኝ ነበር። የደወልኩት ለንስሐ አባቴ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ውሃ በዛበት ተብሎ ጠበልነቱ አይቀርም፣ ሁሉንም ቀድተሽ አውጪው፣ ዕቃውን ያለቀለቅሽበትን ሰው የማይረግጠው ቦታ አፍስሺው አሉኝ። ታንከሩ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ እንግዲያው ብቻሽን አትጨርሺውም፣ የሚጠጣ ሰው ፈልጊ አሉ። የሚጠጣ ሰው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በዚህ ከተማ በሬን አንኳኩቶ ውሃ ስጪኝ የሚለኝ ማን እንዳለ ቆጠርኩ፤ አንድ እጄም አልሞላ።

ረቡዕ ጠዋት ባለቤቶቹ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጀመርን። የታጠበ ድስት ከካራቫኑ ሥር አስገብቼ የማፍሰሻዋን ቧንቧ ከፈትኩ። ጥቂት ወረደችና ቀጥ አለች። ጉልጉል አለች፣ ጥቂት ወረደች፣ ደግሞ ቆመች። ዘበኛው ከላይ የመሙያውን ክዳን ሲያነሡት ግን ውሃው በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ይዝጉት አልኳቸው፤ ቆመ። ይክፈቱት አልኳቸው፤ ወረደ።

ድስቱን እንደያዝኩ እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ ያንኑ ጠበል ስንቀዳ፣ እኔ አፈ ጠባቧን ቅል አፏን ቁልቁል አድርጌ ውሃው ውስጥ እደፍቃታለሁ፤ ቅሏ አትሞላም። እናቴ እጄን ከነቅሉ ይዛ ዘንበል ታደርገዋለች። «በትንፋሿ ላይ አትቁሚባት፤ ያለው ሳይወጣ ምኑን ትቀበልሽ?» ትለኛለች። ዘንበል ስትል አየሩ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ይወጣና ቅሏ ትሞላለች።

ታንከሩ አየር መውጫው ተዘግቶበታል ማለት ነው። አራት ቀን ሙሉ በጎማ ስናስጨንቀው የከረምነው ትንፋሽ ያጣ ዕቃ ነው።

መጀመሪያ ግን ጠበሉን ጨረስን። ጀሪካኑ ሞላ፤ ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ሞሉ፤ ሁለት ድስትም ሞላ። ታንከሩን በትንሽ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቄ፣ እጣቢውን ኒሙ ሥር፣ ግንዱ ጋ አፈሰስኩት። ዘበኛው ከየትም ድንጋይ ሰብስበው ዙሪያውን አጠሩት። ከእንግዲህ እዚህ ድመት እንኳ አይረግጥም፣ ካርቶኔን እዚሁ ዘርግቼ እጠብቃለሁ አሉ።

ከዚያ ከመሙያው ጎን የሚነሣውን አንድ ቀጭን ቱቦ በጣቴ ተከተልኩት። ወለሉን ሰንጥቆ ወደ ሥር ይወርዳል። ካርቶን አንጥፌ ካራቫኑ ሥር በጀርባዬ ገባሁ። የቱቦው ጫፍ በደረቀ ጭቃ ድፍን ብሏል። ካራቫኑ ለወራት ሲቆም ተርብ ጎጆዋን ሠርታበታለች። የልብስ መስቀያ ሽቦ አቅንቼ ጭቃውን ጥቂት በጥቂት ፈረፈርኩት፤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አፌ ውስጥም ገባ። ሲያልቅ አፌን አስጠግቼ እፍ አልኩበት። ዘበኛው ከላይ ጉንጫቸውን መሙያው ላይ ደቅነው ነበር።

«እስትንፋስሽ ደረሰኝ» አሉ።

የከተማው ውሃ አሥር ሰዓት ገደማ መጣ። ጎማውን አስገባሁት። ከሥር አየሩ ሽው እያለ ሲወጣ፣ ከላይ ውሃው ያለ ምንም ጭቅጭቅ ገባ። አራቱም መብራት በራ።

ሐሙስ ከሰዓት ሄዱ። ማዳም አመሰገነችኝ። ሙሴ ማን እንደጠገነው ሲጠይቅ ዘበኛው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በሩን ዘጋሁላቸው።

ሰው የሌለበት ትልቅ ቤት ከትንሽ ክፍል ይልቅ ያስጨንቃል። ሳሎኑን ሳልፍ የገዛ ጫማዬን ድምፅ እሰማለሁ። ጠርሙሶቹን አልጋዬ ሥር ደረደርኳቸው። አንዱን ለዘበኛው ሰጠኋቸው፤ ከዘምዘሜ ጎን አስቀምጠዋለሁ፣ ጎረቤት ይሁኑ አሉኝ። ለሁለቱ የቤተ ክርስቲያን እህቶች አደረስኩ። አንዱን ላመጣልኝ ሹፌር አስቀመጥኩለት። ከዚያ በኋላ የምሰጠው ሰው ጠፋኝ።

ዓርብ፣ ለስግደት ከመሄዳቸው በፊት፣ ዘበኛው የሸሚዛቸውን ኪስ ዳብሰው አንድ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ክሩ ነበር። የቆረጡት በጎኑ ስለሆነ ቋጠሮው እንዳለ ነው። ጥዬው እንዳይመስልሽ አሉኝ።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አየሁት። እስከዚያ ቀን ፌስታሉ ሸፍኖት አይቼው አላውቅም፤ የእናቴ ቋጠሮ ነው ብዬ ብቻ ነው የምሳለመው። ተደርቦ የተቋጠረ ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል፤ የእህል ጆንያ እንደሚታሰረው ጥብቅ ነው። የእናቴ ጣቶች ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ አይታጠፉም ነበር። የቀሚሷን ቁልፍ የሚቆልፍላት ጎረቤት ነው፤ በስልክ እየሳቀች ራሷ ነግራኛለች። ይህን እያወቅሁ፣ ያን ሁሉ ወር እንዴት አልታሰበኝም?

ለሹፌሩ ደወልኩ። ጀሪካኑን የተቀበለው መንገድ ዳር ከቆሙ ሰዎች ነው፤ እናቴን በመልክ አያውቃትም። ዘመዶቼን በስልክ ብጠይቅ የቀዳችውም የቋጠረችውም እሷው ናት፣ እሷው ናት ከማለት በቀር አይነግሩኝም፤ ሐዘንተኛን በእውነት መምታት ነውር ነውና። ስለዚህ ጽፌ እጠይቃለሁ።

ጠበሉ በተቀዳበት ጠዋት ገደሉ ሥር የነበራችሁ፣ ይህ ከደረሳችሁ አደራ አትደብቁኝ። እናቴ ድንጋዩን በእግሯ ወረደች ወይስ ደግፋችኋት? ወይስ ከቤቷ አልወጣችም ነበር? ሌላ ሰው በስሟ ቀድቶትም ከሆነ አልቀየምም፤ ጠበሉ በዚያ አይጎድልም። ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ጉንጭ ከመጠጣቴ በፊት የእናቴን የክርስትና ስም እጠራለሁ። ከእሷ ቀጥሎ የምጠራው አለኝ፤ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ክሩን የቋጠረውን ሰው የክርስትና ስም ላኩልኝ።