ለሚስ ጆአን ያልመለስኩት ደብዳቤ

ውሸት ነው በሉኝ። ወላሂ ውሸት ነው በሉኝ! ሚስ ጆአን ሞተች ይላል ዜናው።

ዓለም የሚያውቃት በወንጀል ልቦለዶቿ ነው። እኛ የከሚሴ ልጆች ግን ከዚያ በፊት፣ ከእንግሊዝ መጥታ ስታስተምረን ነው የምናውቃት። ጎረቤት ተጣላ ብትሏት፣ ላም ወለደች ብትሏት፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያለች ታደርቀን ነበር።

አንድ ቀን ሰንበቴ ከተማ የከብት ገበያ ይዣት ሄድኩ። እሷ እቴ፣ ግመሎቹ መሀል ቆማ ደብተሯ ላይ መጻፍ!

"ከብታችንን ለግብር እየመዘገበች ነው!" አለ አንዱ። ባለዱላዎች ከበቡን። ደብተሩን ነጥቀው ለእኔ ሰጡኝ። "አንቺ ተማሪ አይደለሽ? ጮክ ብለሽ አንብቢ!"

ያሳደገኝ አጎቴ ሰይድም በሬ ሊሸጥ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ገጽ በዓይኔ ሮጥኩበት። ስለ ከብት አንድ ቃል የለም። ስለ እኔ ነው! ለእሷ ብቻ የነገርኳት ምስጢር፦ አጎቴ ለባቲ ነጋዴ ሊድረኝ ቃል መስጠቱ፣ እኔም ከኒካሁ በፊት ልጠፋ ማሰቤ። የአጎቴ ስም ሳይቀር አለበት።

ያ ረቢ! ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ቀስ ብላ "ከዚያስ?" አለችኝ።

ገባኝ፤ ፍጠሪ ማለቷ ነው። ፈጠርኩ። ስለ ጨፋ ሜዳ ማሽላ፣ ስለ ሰንበቴ ሰው ደግነት የሌለውን ሁሉ "አነበብኩ"። ሰዉ ሳቀ፣ ደብተሯን መለሱላት፣ ጭራሽ የግመል ወተት ጋበዙን።

እኔ ግን አኮረፍኳት። ምስጢሬን ለምን ትጽፋለች? አገሯ ገብታ ይቅርታ እየጠየቀች ስትጽፍልኝ፣ ሁሌ መጨረሻው ላይ "አጎትሽስ? ከዚያስ?" ትላለች። አንዱንም አልመለስኩም። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ምን ዓይነት ግትር ነኝ!

ሚስ ጆአን፣ እንግዲህ ስሚኝ።

ያን ቀን አጎቴ ወደ ቤት ይዞኝ ሄደ። እንደገባን "ሾፌር ነበርኩ" አለኝ። "ስሜ በፈረንጅ ፊደል መንጃ ፈቃዴ ላይ አለ። እዚያ ገጽ ላይ አይቼዋለሁ፤ አንቺ ግን አልጠራሽውም። በይ፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

ሁሉንም ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ከምትጠፊብኝስ ተማሪ" አለ። ለባቲው ሰው ልጅቷ ትማራለች ብሎ ላከበት።

ዛሬ አንቺ ባስተማርሽበት ክፍል አስተምራለሁ። ከዚያ የሆነው ይሄ ነው። አፉ በይኝ የኔ እናት፣ ሳልነግርሽ ሄድሽ።