የጥንት ዳቦ በፓኬት እርሾ

አርባ ዓመት ዳቦ የጋገሩትን ሰውዬ ሰፈሩ «ጋሽ እሳቱ» ይላቸዋል፤ በምድጃቸው ሳይሆን በጠባያቸው ነው። የከተማው ሙዚየም ለጎብኚዎች ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ይበላ የነበረውን ዓይነት ዳቦ እንዲጋግሩለት ጠየቃቸው። አሠራሩን የጻፈችው የሙዚየሙ ባለሙያ ዳቦ ቤታቸው መጥታ ወረቀቱን ስትሰጣቸው፣ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ቱግ አሉ። የፓኬት እርሾ፣ ስኳር፣ የተነፋ ነጭ ዱቄት ይላል።

«ስሚ ልጄ፣ ያን ጊዜ ፓኬቱን ከየትኛው ሱቅ ነው የገዙት?»

«ለዘመኑ ሰው እንዲጥም ብዬ ነው እንጂ ትክክለኛው ነው ጋሼ።»

ይቺ «ትክክለኛ» የምትባል ቃል ጨጓራቸውን ላጠችው። «ብዙ ነገር ጋግሬያለሁ፤ ውሸት ግን ጋግሬ አላውቅም» ብለው ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ስንዴውን በድንጋይ ፈጩ፤ ሊጡን ያለ ፓኬት ሦስት ቀን አቆዩት፤ ጋገሩና ትኩሱን ይዘው ሙዚየሙ አዳራሽ ድረስ ሄዱ።

ባለሙያዋ ገምጣ አንዴ እንዳላመጠች ሶፍት ላይ ተፋችው።

«ጋሼ፣ አሸዋ አለው እኮ። ጥርሴን ሊሰብረው ነበር።»

«ከወፍጮው ድንጋይ የረገፈ ነው። ወረቀትሽ ላይ የረሳሽው እሱን ነው።»

ከጎኗ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የአንድ የጥንት ሰው የራስ ቅል ተቀምጧል። ጥርሶቹ እስከ ሥራቸው ተሞርደው አልቀዋል።

«ካላመንሽኝ» አሉ ጋሽ እሳቱ፣ «የበላውን ጠይቂው።»