የሟቿ ባል

የያዙኝ እጄ ላይ ያለው ደም ሳይደርቅ ነው። መርሳ ላይ ሰው በሚጭን አውቶቡስ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ፣ እኔም እንደ ሌላው ሰው ሮጬ ቁስለኛ ሳወጣ ነበር። አንድ ፖሊስ መታወቂያ ጠየቀኝ። እንገነጠላለን የሚሉ ታጣቂዎች ከመንግሥት ጋር ለዓመታት በሚዋጉበት ሩቅ አገር ሳስተምር ቆይቼ የተመለስኩት በዚያው ክረምት ነበር። መታወቂያዬም የተሰጠኝ እዚያ ነው። ፖሊሱ አንዴ መታወቂያውን፣ አንዴ እጄን አየና «ና እስቲ» አለኝ።

ወልድያ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የሽንቱ ባልዲ ዓይን ያቃጥላል። ከባልዲው ራቅ ብለው አንድ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የጋቢያቸው ጫፍ ተቃጥሏል።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?» አልኳቸው።

እጄ ላይ የደረቀውን ደም አዩ። «ከየት አመጡህ?» አሉኝ።

«ከመርሳ።»

«አንተ ነህ?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። «አይደለሁም» አልኩ።

የሀብሩ ገበሬ ናቸው። የታመሙ ሚስታቸውን ወልድያ ሊያሳክሙ ተሳፍረው ነበር። ሚስትየዋ ብርቱካን አማራቸው፤ እሳቸው ሊገዙ እንደወረዱ ፈነዳ። ሚስት ሞታ ባል እንዴት ተረፈ ተብለው ታሰሩ። የሚስታቸውን ጀናዛ እንዲሸኙ እንኳ አልተፈቀደላቸውም።

ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም። እስኪመሽም አላነሱም። ገና ካላየሁት መርማሪ ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌውን ለምርመራ ወስደው መለሷቸው።

«አየሁት በል አሉኝ» አሉ። «ቦርሳ ይዞ ገብቶ ባዶ እጁን ሲወርድ አየሁት በል። ይህን ካልኩ ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«ላስብበት አልኩ።»

እንዲመሰክሩ የተጠየቁት በእኔ ላይ ነበር። ልለምናቸው ፈለግሁ፤ እናት እንዳለችኝ፣ ጧሪዋ እኔ ብቻ እንደሆንኩ። ግን ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ስለ እናቴ ምን ብዬ ልናገር?

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ለመግረፊያ እንደሆነ አልጠፋኝም።

«ሽማግሌ፣ እሱ ነው አይደል?»

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ።

«አላየሁትም» አሉ።

«ሚስትህን የገደለ ሰው ነው።»

«ይሆናል። እኔ ብርቱካን እየገዛሁ ነበር። ወላሂ አላየሁትም።»

መርማሪው ተነስቶ በጥፊ መታቸው። ጥምጣማቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሱት፤ አቧራውን አራግፈው፣ ሳይቸኩሉ መልሰው ጠመጠሙት። «ብትደግመኝም ያው ነው» አሉት።

ክፍላችን ስንመለስ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነስ» አሉኝ። «ላንተ ብዬ አይደለም። አንተ ከሆንክ አላህ የእጅህን ይስጥህ። እሷ በሕይወቷ ውሸት አትወድም ነበር፤ በሷ ደም አልዋሽም።»

ከዚያም ብዙ ሳምንት አብረን ቆየን። ከሚሰጠኝ ውሃ ቀንሼ ለሶላት ውዱእ ላስታጥባቸው ስል መጀመሪያ እምቢ አሉኝ። አንድ ቀን ግን እጃቸውን ዘረጉ፤ አፈሰስኩላቸው። እሳቸው ቀድመው ተፈቱ። በኋላ እኔንም «ሂድ» ብለው ለቀቁኝ። ፍርድ ቤት ያየም፣ ይቅርታ ያለም የለም።

ከተፈታሁ በኋላ ለቅሶ ልደርሳቸው መንደራቸው ሄድኩ። የሚስታቸውን መቃብር አሳዩኝ። ሲሸኙኝ «ያ ሰው ተገኘ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልተገኘም አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ተመለሱ።

አሁን እሳቸውም የሉም። ቦምቡን ማን እንዳስቀመጠው እስካሁን አላውቅም። ሽማግሌውም «አላየሁትም» አሉ እንጂ «እሱ አይደለም» አላሉም፤ በልባቸው የያዙትን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ዛሬም የሆነ ቦታ ፍንዳታ ደርሶ ገዳዩ በማግስቱ ተያዘ ሲባል ስሰማ፣ ከተያዘው ሰው አጠገብ ማን ተቀምጦ ይሆን እላለሁ።