የአባቴ ዳቦና የተማሪው አኩፋዳ

የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሁለት ማንገቻ ያለው ቦርሳ በጀርባዋ ታዝላለች። ምሳዋ፣ ውሃዋ፣ ሹራቧ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ነው። «ከበደኝ» ብላ ስትነጫነጭ ደሜ ይፈላል። ኧረ እናንተ ልጆች! እኛን ያቃጠለን የምንሸከመው ነገር አልነበረም፤ የምንሸከምበት ማጣታችን ነው። ትልቅ ሰው ስልቻ አለው፣ አቁማዳ አለው። ለአህያ እንኳ ኮርቻ ይሠራለታል። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ «ያዥ!» ብቻ ነው።

እናቴ አንድ ሕግ ነበራት። ለክርስትናም ይሁን ለለቅሶ መንገድ ስንወጣ «የራሱን ያልያዘ አይከተለኝም» ትላለች። የራሴ የሚባለው የማታ ልብሴ፣ ቆሎዬና የውሃ ቅሌ ነው። ይህን ሁሉ በአሮጌ ነጠላ ትቋጥርና ከትከሻዬ ወደ ብብቴ አዙራ ደረቴ ላይ ታስረዋለች። ገና ከሰፈሩ ሳንወጣ ይላላል። በራሴ ልሸከመው ስል ይንሸራተታል። በዱላ ላንጠልጥለው ስል ቅሉ ማጅራቴን ይቀጠቅጠኛል። ቆሜ ስቋጥር ጥላኝ ትሄዳለች፤ ሮጬ ስደርስባት ደግሞ ይፈታል። «ምን ዓይነት እጅ ነው ያለሽ!» ትለኛለች። እጄ ምን አደረገ? ቋጠሮው የማን ነበር?

በጠላት ጊዜ ነገሩ ባሰ። አባቴን ጠመንጃ ደብቋል ብለው ደብረ ማርቆስ አሰሩት። ከቀያችን እስከ ከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እስረኛን የሚያበላው ቤተሰቡ ነበርና እናቴ በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች። እኔን የምትተውበት ቤት የለም፤ ከጎረቤቱ ግማሹ ጫካ ገብቷል፣ የቀረውም ለራሱ አልሆነም። እሷ ሕፃኑን ወንድሜን በአንቀልባ አዝላ፣ ታጥቦ የደረቀውን የአባቴን ጋቢ በራሷ ትሸከማለች። ዳቦው ለእኔ ደረሰኝ።

መጀመሪያ የያዝኩት ዳቦ አባቴ ዘንድ አልደረሰም። አንድ ቁልቁለት ላይ ያ የተረገመ ቋጠሮ ተፈታና ድፍን ዳቦው እየተንከባለለ ገደል ገባ። እናቴ ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ቀን አባቴ ጦሙን አደረ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ አኩፋዳ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ክረምት እኛ ዘንድ የተጠጋ የቅኔ ተማሪ ትቶት የሄደ ነው። ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን ቁራሽ የሚይዝበት መሆኑን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። በትከሻ ይንጠለጠላል፣ አይፈታ፣ አይላላ፣ ሁለት እጅ ነፃ ይሆናል። ለልጅ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው! ስንት ጊዜ ለመንኳት። «የልመና ዕቃ ነው፤ እኛ ቤት ልመና የለም» ትለኝ ነበር። ዳቦው ገደል ከገባ በኋላ ግን ራሷ አወረደችው፣ አቧራውን አራገፈችው፣ ትከሻዬ ላይ አነገተችው።

አዲሱን ዳቦ ቆራርሳ ነው የከተተችው። የእስር ቤቱ ዘበኞች ወረቀት ተደብቆበታል እያሉ ስለሚፈረካክሱት «የእነሱ እጅ ከሚነካው እኔ ልቁረሰው» ትላለች። ያን ሰሞን ቆረቆር ወጥቶብኝ ራሴን ተላጭቻለሁ። ብርዱም ክፉ ስለነበር ደበሎ ደርቤአለሁ። እንግዲህ ራሱን የተላጨ፣ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ ልጅ መንገድ ላይ ያየ ሰው ምን ይበል? እኛ ግን አንዳችንም አላሰብነውም።

ከእናቴ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቼ ስሄድ አንዲት አሮጊት ከአጥራቸው ብቅ አሉ። «ና እስቲ ተማሪ፣ ና ልጄ» ብለው አንድ ቁራሽ ዳቦ አኩፋዳዬ ውስጥ ጣል አደረጉ። ሴት ነኝ ልል አፌን ስከፍት በሩን ዘግተው ገቡ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ገደል የገባው ዳቦ ትዝ አለኝ። ለካ መተካት ይቻላል! እናቴ እንዳትሰማኝ ቆይቼ፣ የሚቀጥለው ደጅ ላይ ቆሜ፣ ተማሪዎቹ ሲሉ እንደሰማሁት ድምፄን አቅጥኜ «በእንተ ስማ ለማርያም» አልኩ። ሰጡኝ። ሌላም ደጅ ላይ ሰጡኝ። እንዲያ ደስ ብሎኝ ተሸክሜ አላውቅም።

ከተማው ሊደርስ ሲል ወንዝ ዳር አረፍን። እናቴ አኩፋዳውን አነሳችና ክብደቱ አስደነገጣት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ለአባቴ ለመንኩለት!» አልኳት በኩራት።

በጥፊ አለችኝ። «ባሌን የልመና እንጀራ ላበላው? በማርያም ስም ለተማሪ የተሰጠውን ቀምቼ?»

«አባቴስ እስረኛ አይደለም? ከተማሪው በምን ይሻላል?»

«ዝም በይ! የሰው ሐቅ ነው!»

የእኛን ልትለይ ሞከረች። የእኛም የገብስ ዳቦ፣ የሰውም የገብስ ዳቦ፤ ሁሉም ቁራሽ፤ እንዴት ይለያል? አንዱን ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። በመጨረሻ ተነሳችና ከተማው መግቢያ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ለተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ድብልቁን በሙሉ ዘረገፈችላቸው። አንድ ቁራሽ አላስቀረችም። እሪ ብዬ አለቀስኩ። እስከ ዛሬም ይህን ሳስበው እናደዳለሁ። ማርያም ለተራበ እስረኛ ዳቦ ትነፍጋለች?

እስር ቤቱ በር ላይ የነበረው ዘበኛ ለጠላት ያደረ የአገራችን ሰው ነው፤ ከእኛ ማዶ ካለው መንደር። ጋቢውን አገላብጦ አየና አሳለፈን። አባቴ ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ጋቢውን ተቀበለ፤ እጄን አየ፣ አኩፋዳውን አየ።

«ዳቦስ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች። አንገቴን ደፋሁ። «በር ላይ ያለው ወሰደብዎት» አለችው።

ለእኔ አዝና ይሁን በልመናው አፍራ እንጃ፤ ብጠይቃትም አልነገረችኝም።

ጠላት ወጣ፣ አባቴ ተፈታ። ጥርሱ ረግፎ፣ ጀርባው ተገርፎ ነው የመጣው። ቤታችን ለገባ ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን አንድ ነገር ነው። «ግርፋቱን ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ፤ ከልጄ እጅ ዳቦ ነጥቆ የበላውን ግን አልምረውም» ይላል። ይህን ሲል እናቴ የሆነ ሥራ ይመጣባታል። አንድ ቀን «እማ፣ ንገሪው» ብላት «ተይ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለችኝ። ያለፈው ለማን ነው?

በዓመቱ ያ ዘበኛ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበረከከ። በዳይ ድንጋዩን የሚያወርደው ተበዳይ «አውርድ» ሲለው ነው። እኔ ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አያለሁ።

«አያ፣ ለጠላት አድሬአለሁ፤ በድያለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። «ዳቦውን ግን፣ ማርያምን፣ አልነካሁም።»

አባቴ ተቆጣ። «እየካደ ምን ዓይነት ይቅርታ ነው? ድንጋዩን ይዞ ይመለስ!»

ሽማግሌዎቹ ሰውየውን ከበቡት። «እመን ልጄ፣ ምን አለበት? ዳቦ ነው። እመንና አውርድ።» ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። እናቴን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ አንድ ቃል!

«እሺ» አለ ሰውየው። «በላሁ። እኔ ነኝ የበላሁት።»

«ይኸው አመነ!» አለ አባቴ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «አውርድ። እግዜር ይቅር ይበልህ።»

ሁሉም አሜን አሉ። እርቅ ያለ ማዕድ አይሆንምና አባቴ «ዳቦ አምጪ» ብሎ ጠራኝ። የገብስ ዳቦ ቆርሼ ወሰድኩለት። ሰውየው በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ትከሻው ላይ የድንጋዩ አቧራ አልተራገፈም።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አለኝ።

አሜን ማለት አቃተኝ።